ባዶ ወረቀት ላይ የፈረሙልኝ ሰዎች

ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ግን የለኝም። ምላሴ ከመቀሴ ቀድማ እንደምትቆርጥ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዝም በማለቴ ሰው የተበደለበትን አንድ ሐሙስ ሳወራ ለሚያውቁኝ ሰዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። ምነው ቀልድ በሆነ!

ያኔ አዳማ መሀል ከተማ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንዴ ብናየው ነው። ልጄ ሳምራዊት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ የእረፍት ደወል ሲደወል መንገዱን ተሻግራ ሱቄ ትገባና ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ኑሮዬ ይኸው ነበር፤ አልተማረርኩበትም።

አንድ ጸጋ አለኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። በዚህች ጽሑፍ ምክንያት የሰፈሩ እድር ጸሐፊ አደረገኝ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ። የሁለቱም ሊቀመንበር ጋሽ ቱሉ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በዚያው ትምህርት ቤት እኔንም፣ ታናሽ ወንድሜንም፣ የዳቦ ቤቱን ባለቤትም አስተምረዋል። ሲያገኙኝ ሁሌም በኦሮምኛ ነው የሚጀምሩት፣ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እኔም «ነጉማ ጋሼ» እላለሁ። «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?» ማለታቸው ነው፤ ልጄ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ልማዳችንን ልንገራችሁ፤ መዘዙ የመጣው ከእሱ ነውና። እድር ላይ ሰው ይቸኩላል። አንዱ ለቅሶ አለበት፣ ሌላው ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ቃለ ጉባኤ ተጽፎ እስኪያልቅ ማን ይቀመጥልሻል? ስለዚህ ስብሰባው ሲጀመር ባዶ ወረቀት አዞራለሁ፤ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርማል። እኔ የተባለውን በረቂቅ እይዝና በማግስቱ ተረጋግቼ በሌላ ወረቀት በንጹህ እጽፈዋለሁ፤ ከፊርማው ጋር በስፒል አያይዘዋለሁ። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ያላሉትን ጽፌባቸው አላውቅም። ጋሽ ቱሉም «ይቺ እጅ አትዋሽም» እያሉ መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ ይፈርሙልኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ወሬው መጣ። የትምህርት ቤቱ ግቢ መሀል ከተማ ስለሆነ ለመልሶ ማልማት ይፈለጋል፣ ከታች ሱቅ ከላይ ቢሮ የሆነ ትልቅ ሕንፃ ይሠራበታል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በወለንጪቲ መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ይዛወራል ተባለ። ወላጅ ለሁለት ተከፈለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። የአዳማ ነፋስ በዚያ ሰሞን አልተኛም ነበር፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ወረቀቴ ላይ ያርፋል።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት አቶ ሙሉጌታ ቀድሞ ተነሳ። «እውነቱን እንነጋገር። ጣራው ያፈሳል፣ ላብራቶሪው ተዘግቷል፣ የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም። አዲስ እንሥራላችሁ ሲሉን እንቢ የምንለው ለምንድን ነው? ትዝታ ልጅ አያስተምርም!»

እትዬ አረጋሽ ብድግ አሉ። በሩ አጠገብ ቆሎና ሻይ የሚሸጡ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። «እዚያ ሜዳ ላይ ልጄን ነፋስ ይውሰዳት? ባጃጅ እንኳ አይሄድም! አንተ መኪና አለህ!»

«ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አሉ ጋሽ ቱሉ። ሰሌዳው ጋ ሄዱና በጠመኔ ሦስት ነገር ጻፉ። መጀመሪያ አዲሱ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ይለቅ። ሁለተኛ መንገድና ትራንስፖርት ይግባ። ሦስተኛ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሰጠን። «እነዚህ ከተሟሉ እንሄዳለን። ካልተሟሉ አንሄድም። ተስማማን?» አጨበጨብን። አቶ ሙሉጌታም አጨበጨበ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የፊርማው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነበር። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ጋሽ ቱሉ፣ ሁለተኛው ላይ እኔ፣ ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ ሰው። እትዬ አረጋሽ እስክሪብቶውን ይዘው ቆሙ።

«ትዕግሥት፣ ባዶ ነው እኮ። ምን ላይ ነው የምፈርመው?»

እኔ ምላሴ! «እትዬ፣ ሞትዎን አልጽፍብዎ! ይፈርሙና ያስተላልፉት።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ስቀው ፈረሙ።

ሰኞ አልጻፍኩም። የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ ለእሁድ ደርሶብኝ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ሱቄ ገባ። አቶ ደምስ ይባላል፤ የሕንፃው ባለቤቶች የቀጠሩት አማካሪ ነው፣ እሁድም አዳራሹ ጥግ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ንጹህ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ትዕግሥት፣ ሐሙስ ጠዋት ሕዝባዊ ውይይት አለ። የኮሚቴው ውሳኔ እዚያ ይነበባል። ቃለ ጉባኤው ዝግጁ ነው?»

«ኧረ ገና ነው! ይኸው በሥራ ተይዤ...»

«አይጨነቁ። ረቂቁን ከፊርማው ጋር ይስጡኝ፣ ልጆቻችን በኮምፒውተር ይጽፉታል። ሐሙስ ጠዋት መጥተው አንብበው ያጸድቁታል።»

ረቂቁንና ሦስቱን የፊርማ ገጾች ከመሳቢያ አውጥቼ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩለት። ሱቄን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ለነባር ነጋዴዎች እኮ አዲሱ ሕንፃ ሥር ቦታ ይኖራል» አለ። «እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ አይረሳም።»

እዋሻችኋለሁ እንዴ? ደስ አለኝ። ባለ መስታወት ሱቅ ታየኝ። ሻይ ላምጣልህ እያልኩ ወደ ጓዳ ዞርኩ፤ እሱ ግን ቸኩያለሁ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ቀይ ቀለም የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው የትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው፣ «ምንድን ነው እሱ? ገና መች ተወሰነና?»

«እኛ የታዘዝነውን ነው እህቴ» አለ አንደኛው፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

ወደ ውስጥ ተመልሼ የመዘምራኑን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ሳነሳ ከሥሩ ወረቀት ወጣ። ረቂቄ ነው። ጋሽ ቱሉ ሰሌዳ ላይ የጻፏቸው ሦስት ነጥቦች፣ በኔ እጅ፣ ከነስርዛቸው። ጠረጴዛውን በሙሉ አራገፍኩት። የፊርማው ገጾች የሉም። ረስቶት ነው አልኩ መጀመሪያ። ከዚያ ጨርቁን አስተዋልኩ። ጨርቁን ረቂቁ ላይ የጣልኩት እኔ አይደለሁም፤ ጥግ ላይ አጥፌ ነበር የተውኩት። ሰውየው የፈለገውን ለይቶ ወስዶ የማይፈልገውን ሸፍኖልኝ ነው የሄደው።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፣ ተዘግቷል። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ቢሮው ሄድኩ። አንዲት ልጅ ብቻ ተቀምጣለች።

«አቶ ደምስ ስልጠና ላይ ናቸው፣ ላንጋኖ። ሐሙስ ጠዋት ነው የሚመጡት።»

«ወረቀት ወስዶብኛል! የፊርማ ወረቀት!»

«የምን ወረቀት?» አለችኝ። ከልቧ አታውቅም። ምን ብዬ ላስረዳት? ባዶ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ሰው ግን ፈርሞበታል ልበላት?

ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ የኔም ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፎ አገኘሁ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ያን ጊዜ ነው እግሬን አንስቼ ወደ ጋሽ ቱሉ ቤት የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ፦ ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጋሼ፣ ፊርማችሁን ለማታውቁት ሰው ሰጥቻለሁ።

ደጃፋቸው ላይ ቆመው የፓፓያ ዛፋቸውን ነፋስ እንዳይጥለው በገመድ ያስራሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? ያዢልኝ እስቲ እዚህ ጋ።»

ገመዱን ያዝኩላቸው። አሰሩት፣ ቋጠሩት፣ እጃቸውን አራገፉ።

«ነገ ነው አይደል? ጻፍሽው? ሦስቱንም ነጥብ?»

አየኋቸው። ቢቆጡኝስ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቄ ወረቀቱን ብቀበለውስ? ማንም ሳያውቅ ቢስተካከልስ? ያ ሁሉ ልምምድ መንገድ ላይ ቀረ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «ጽፌዋለሁ።»

«ጎበዝ» አሉኝ።

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ረቂቄ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አቶ ደምስ በዚያ በር አልመጣም። ሰው ሞልቶ፣ መድረኩ ተሞልቶ፣ እሱን ሳየው በጓሮ በር ገብቶ ከፊት ተቀምጧል። ጋሽ ቱሉ ኮታቸውን ለብሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር ዳበስ ዳበስ አድርገው ጠሩኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ስለ ልማት ተወራ። ከዚያ መድረኩን የሚመሩት ሰው «የወላጅ ኮሚቴው ውሳኔ ይነበብልን» አሉ። አቶ ደምስ ተነሳ። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ከኋላው በስፒል የተያያዙ ሦስት ገጾች። ስፒሉን አየሁት፤ እንዴት አድርጌ ዓይኔን ላንሳ?

«...ወላጆች በጉዳዩ ላይ በስፋት ከመከሩ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በተያዘው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ጠይቀዋል። ፊርማ፣ አንደኛ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር...» ብሎ የጋሽ ቱሉን ስም ከነአባታቸው አነበበ።

ቆርቆሮው ብቻ ይንኳኳል። ከዚያ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ድምፅ «ስንት በላህ?» አለ። አንተ ብሎ! ጋሽ ቱሉን! ቀጥሎ አዳራሹ ፈነዳ። «ሽማግሌ መሳይ!» «እሁድ ያጃጃልከን ለዚህ ነው?» እትዬ አረጋሽ ከመቀመጫቸው ተነስተው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ትንሽ አያፍሩም፣ ጋሽ ቱሉ? ልጄን እርስዎ ይሸጧት?» አሉ፤ ያለቅሱ ነበር።

ጋሽ ቱሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዴ ብቻ አዩኝ። እኔ ጉልበቴን አየሁ። ያኔ ገባቸው፤ መግባቱን ትከሻቸው ላይ አየሁት።

ተነሱ። «ፊርማው የኔ ነው» አሉ። «የተነበበው ግን እሁድ የወሰንነው አይደለም። ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረምኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ‹ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ› ስላችሁ ኖሬ፣ እኔው ሳላነብ ፈረምኩ።»

«ባዶውን ወረቀት ማን ያዘው ታዲያ?» አለ አቶ ሙሉጌታ። «ለማን ተሰጠ?»

«ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። በኮሚቴው የጠፋ ነገር ካለ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ስሜን አልጠሩም። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ረቂቁን ጨብጧል፤ ቁሚ ይለኛል፣ አልቆም አልኩ። በሰው ፊት ያዋረደኝን ሹፌር መሀል መንገድ አስቁሜ የሰደብኩ ሴት፣ ያን ቀን ከወንበሬ ጋር ተሰፋሁ። ጋሽ ቱሉ ኮታቸውን አስተካክለው በረድፎቹ መሀል ወጡ። አንድ የድሮ ተማሪያቸው መንገድ ላለመስጠት እግሩን ዘርግቶ ቀረ። ዞረውት አለፉ። በሩ ተዘጋ።

በሩ ሲዘጋ ነው የተነሳሁት። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት! ባዶውን ገጽ ለዚህ ሰውዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ይኸው ረቂቁ፣ ይኸው ሦስቱ ነጥብ!» ወረቀቱን ወደ መድረኩ ዘረጋሁ።

አቶ ደምስ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የፊርማውን ገጽ ገልብጦ ሁለተኛው ተራ ላይ ጣቱን አኖረ። «ወይዘሮ ትዕግሥት፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ግን...»

«የጸሐፊዋ ፊርማ ነው» አለ ለመድረክ መሪው። ተቀመጠ።

«አስተያየትዎ ተይዟል» አሉኝ መድረክ መሪው፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እያለፉ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ጋሽ ቱሉ ግቢው በር ላይ ቆመው ቀዩን ቁጥር ያያሉ። አቧራው ኮታቸውን አልብሶታል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተናግሬያለሁ፣ አሁን ለሁሉም ነግሬያለሁ...»

«ሰማሁ። ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማል።» ክንዴን ለቀቁኝ። «ወረቀቱ አይደለም የከፋኝ። ወረቀት ከማንም እጅ ያመልጣል። ትናንት ደጄ ላይ ጠይቄሽ ነበር።»

ይህን ብለው ሄዱ። እኔም እዚያው ቀረሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ትምህርት ቤቱ ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። አልዳነም። አቤቱታ ጻፍን፣ በዚያች በሚያምረው እጄ እኔው ጻፍኩት፤ ሰው አንድ በአንድ እያነበበ ፈረመበት። «ከፊርማችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ» ተባልን። ዓመቱ ሲያልቅ ተዛወረ። አሁን ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ውስጡን አላየሁትም። ያ ባለ መስታወት ሱቅም ለማን እንደደረሰ እንጃ፤ እኔ ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ እሰፋለሁ። ሳምራዊት በሁለት ባጃጅ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ትጨርሳለች። መንገዱ ገና ነው፣ ላብራቶሪውም ገና ነው። ዓርብ ዓርብ ዩኒፎርሟን ሳጥብ የሚወጣው አቧራ አያልቅም። ያን ጊዜ እናገራለሁ ለራሴ፣ ክፉ ክፉውን።

እትዬ አረጋሽ ሰላም ይሉኛል። አንድ ቀን ብቻ፣ ቆሎ ስገዛ፣ እጄን ይዘው «ሞትዎን አልጽፍብዎ ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ሲቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ ብዬ አልመክራችሁም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ሰው ሳያነብ የሚፈርምላችሁ ከሆነ ግን ፍሩ። እኔ ያን እምነት እንደ ራሴ ዕቃ ቆጥሬው ነበር። ካጠፋችሁ ደግሞ ደጅ ላይ ስትጠየቁ ተናገሩ። አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን አንድ ቀን ዘግይቷል፤ የዚያን አንድ ቀን ዋጋ አንድ ሽማግሌን አስከፍያለሁ።

ባለፈው ወር ጋሽ ቱሉ አዲሱ ሱቄ መጡ። ሱሪ ሊያስጠብቡ ነው፤ ከስተዋል። «አካም ቡልቴ?» አሉኝ። «ኢንተላ ኮ» የምትለዋን ግን አልጨመሩም። ለካሁ፤ ካርኒው ላይ ርዝመቱን፣ ወገቡን፣ የሚወስዱበትን ቀን ጻፍኩ። ዛሬ ዛሬ ደንበኛ ልኩን አይቶ እንዲፈርም አደርጋለሁ። እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው።

አስራ አንድ ዓመት ሲፈርሙልኝ አንዴም ያላየሁትን አየሁ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። ከዚያ ካርኒውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ስማቸውን፣ ርዝመቱን፣ ወገቡን፣ ቀጠሮውን፣ እያንዳንዷን ቃል ቀስ ብለው ጮክ እያሉ አነበቡ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ልክ ነው» አሉና ፈረሙ።